የታንኳው ፊት

ክረምት ገብቶ እርጥብ ደንገል የጫነ ባጃጅ ወረታ ባለው ሱቄ ደጃፍ ባለፈ ቁጥር ያ ሽታ ይመለሳል። ጭቃ ጭቃ፣ ሣር ሣር፣ ትንሽም ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ ነው። ደንበኛዬ «ስኳር መዝኚልኝ እንጂ!» እያለች እኔ ሚዛኑን እንደያዝኩ ሐሳቤ ፎገራ ሜዳ፣ ከአባቴ ታንኳ አጠገብ ይሄዳል። ሽታው ደስ ይላል፤ አብሮት የሚመጣው ግን ቅናት ነው።

ቤታችን ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ጉብታ ላይ ነበር። ሐምሌ ገፍቶ ወንዙ ሲሞላ ማሳውን፣ አጥሩን፣ የገበያውን መንገድ ሁሉ ውሃ ይውጠውና ከነከብቶቻችን ጉብታው ላይ እንቀር ነበር። ያን ጊዜ ወፍጮ ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሰን አባቴ በእጃቸው የሚሠሯት የደንገል ታንኳ ብቻ ነበረች። እሳቸው ከኋላ ቆመው ረጅሙን ዘንግ እየገፉ፣ መካከሉን እህሉ ይዞት፣ ከፊት አንድ ልጅ ብቻ ይቀመጥ ነበር። ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ።

የፊት ሰው ውሃ የሸፈነውን መሬት ማወቅ አለበት። የተደበቀ አጥር ሲቃረብ «እሾህ!» እላለሁ፣ ውሃው ሳስቶ ታንኳዋ ልትያዝ ስትል «ሣር!» እላለሁ፣ ፊታችን ክፍት ሲሆን ደግሞ «ወለል ነው!» ብዬ አንገቴን አቀና ነበር። ውሃ ላይ መስመጥ የሚባል ነገር በስሙ አይነሳም፤ ደንገሉ ውሃ መጥጦ ሲከብድ አባቴ «ጠጥታለች፣ እንመለስ» ብቻ ይሉ ነበር። ስንነሳ «ፊቱን ያዥ» ሲሉኝ ጉብታው ላይ ለሚቀረው ሰው ሁሉ፣ ለእናቴም ጭምር፣ አዝን ነበር።

መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲሸሽ ታንኳዋ ዋርካው ላይ ቀጥ ብላ ተደግፋ ትደርቃለች፣ እኛም በእርጥቡ መሬት ጓያና ሽንብራ እየዘራን፣ ቆይተንም እያጨድን እንረሳታለን። በጋው ሲያልቅ በስብሳ ትጣላለች። ግንቦት ላይ አባቴ አዲስ ደንገል አጭደው ያደርቁና ሰኔ ሲገባ ሌላ ታንኳ ማሰር ይጀምራሉ። የፊቷ ልክ የሚወሰደው እዚያ ከሚቀመጠው ልጅ ነበር፤ ደንገሉን መሬት ላይ ዘርግተው «ተኚ» ይሉኛል፣ እኔም በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማይ ሰማይ ሳይ እሳቸው በገመድ ይለኩኛል። ከዓመቱ ቀን ሁሉ እንደዚያ ቀን የምወደው አልነበረም።

አንድ ሰኔ ላይ ደንገሉ ተዘርግቶ፣ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ስጠብቅ፣ አባቴ ታናሽ እህቴን ጠሩ።

«ነይ ማሪቱ፣ ተኚ።»

«እኔስ አባየ?»

«አንቺማ ከብደሻል ልጄ። አንቺን አስቀምጬ እህል መጫን አልችልም። ከእንግዲህ ከመሬት ሆነሽ ትጠሪናለሽ።»

ማሪቱ ደንገሉ ላይ ተንጋልላ ሳቀች። ክብደቴ የሚቀንስ መስሎኝ ያን ሰሞን እራት አልበላም አልኩ፤ እናቴም «ኮሶ የጠጣሽ ትመስያለሽ፣ ብይ!» እያለች በግድ ታጎርሰኝ ነበር። ከሳሁም አልከሳሁም ማንም ዳግመኛ አልለካኝም።

ከመሬት መጥራት ማለት ይኸው ነበር፦ ሲመሻሽ ጉሙ ወርዶ ውሃና ሰማይ ሲደባለቁ ጉብታችን ከታንኳ ላይ አይታይምና፣ አንድ ሰው ውሃው ዳር ቆሞ «መሬት ወዲህ ነው!» እያለ መጮህ ነበረበት፣ ከውሃው «መጣን!» የሚል መልስ እስኪመጣ ድረስ። እኔም እያኮረፍኩ እጮህ ነበር።

በነሐሴ አንድ ምሽት መልሱ ቀረ። ነፋሱ ወደ ሐይቁ ይገፋል፣ ዝናቡ መጣ፣ እናቴ እጇን ራሷ ላይ አደረገች። እኔ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። «ማሪቱ ትመለስ እንጂ ፊቱ ለዘላለም የሷ ይሁን» እያልኩ ለመንኩ። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ ቀጭን ድምፅ «ወለል ነው!» አለ።

ታንኳዋ ጠጥታ፣ አፏ ከውሃው ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም ነበር። አባቴ ማሪቱን አቅፈው አወረዷትና «ፊቱን እንደ ሰው ያዘችው!» አሉ። እንባዬ ሳይደርቅ እንደገና ቀናሁ። ወደ እኔ ዞረው ያሉት «ድምፅሽ ተዘግቷል፤ ትኩስ ነገር ጠጪ» ብቻ ነበር። እንደ ምስጋና አልቆጠርኩትም።

እኔ ወረታ አገባሁ፣ ማሪቱ እዚያው ጉብታው ላይ ጎጆ ወጣች። አምና ውሃው መንገዱን ሳይዘጋው ልጠይቃቸው ሄጄ ውሃው ሞልቶም እዚያው ሰነበትኩ። ዘንጉን የምትገፋው አሁን ማሪቱ ናት፤ ከስተው አጥንታቸው የቀረው አባቴ ከፊት ይቀመጣሉ። «ፊቱን ይያዙልኝ አባየ» ስትላቸው እንደ ልጅ አንገታቸውን ያቀናሉ። የታንኳዋም ልክ የተወሰደው ከሳቸው ነው አሉኝ፣ ደንገሉ ላይ አስተኝታ ለክታቸው። እሷ ትለካቸዋለች፣ እኔ ስኳር እመዝናለሁ! ቀናሁ እንጂ ምን እሆናለሁ።

አንድ ቀን እሷና አባቴ ከወፍጮ ሳይመለሱ ጉሙ ወረደ። ቀስ ብዬ ውሃው ዳር ወረድኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ደረቴን በአየር ሞላሁ። አፌን ልከፍት ስል የማሪቱ ልጅ ቤዛ በጎኔ ሮጣ አልፋኝ፣ እኔ እቆምበት በነበረው ቦታ ቆማ «መሬት ወዲህ ነው!» ብላ ጮኸች።

«መጣን!» አሉ አባቴ ከጉሙ ውስጥ። አየሩን መልሼ ዋጥሁት።

ወረታ ሲመሽ የከባድ መኪናው ጥሩንባ፣ የባጃጁ ጩኸት አያባራም፤ ሰው ሁሉ ማንም ሳይጠራው መብራቱን እያየ ቤቱ ይገባል። ባሏ ታንኳዋን ይዞ በወጣ ምሽት፣ ሱቄን ስዘጋ ማሪቱ አንዳንዴ ትደውላለች። ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ሩዙ ስታወራኝ ከጀርባዋ የቤዛ ጥሪ ይሰማኛል፣ እኔም ወሬውን ትቼ እሱን አዳምጣለሁ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ነፋስ ያለ ቀን ሩቅ አይደርስም። የእኔ ይደርስ ነበር።