የኔታ ድምፃቸው የጠፋ ጊዜ

ፊደል ቆጥሬ የጨረስኩት አንድም ፊደል ሳላውቅ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ነገሩ ግን እንዲሁ ነው የሆነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት አባቴ እጄን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰዱኝ። ቤታችን ጀጎል፣ በሐረር ግንብ ውስጥ ነበር። አያቴ ከሸዋ ከዘመቻ ጋር መጥተው የቀሩ ናቸው፤ አባቴ ግን እዚያው ሐረር ተወልደው፣ አድገው፣ ከግንቡ በሮች የአንዱ ዘበኛ ሆነው ነበር። የኔታ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ልጆቹን ያስቆጥራሉ። ከልጆቹ መካከል ሴት አልነበረችም።

«ሴት ናት ብለው እንዳይመልሱብኝ፣ የኔታ» አሉ አባቴ። «ጥያቄዋ በዝቶብኝ ነው ያመጣኋት።»

የኔታ ሳቁ። «እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚማሩት መልሱን ነው። ጥያቄው ኋላ ይመጣል» ብለው ከአጠገባቸው ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ። ተቀመጥኩ።

የኔታ ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው ጋር አይመጣጠንም። ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ለማየት አንገታቸውን ትክ ብዬ እመለከት ነበር። እንጨት ላይ በተለጠፈችው ገበታ ላይ ስንጥራቸውን እያሳረፉ «ሀ ግዕዝ! ሁ ካዕብ! ሂ ሣልስ!» ይላሉ፤ እኛም እንከተላለን። ከሁላችን የሚጮኸው የሰፈራችን ጠጅ ጣይ ልጅ ነበር። እሱ ከጀመረ ሌላው ተጎትቶ ይሄዳል። እናቴ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ወዲያ ስታልፍ ቆም ብላ ታዳምጥና ማታ «ዛሬ ድምፅሽን ለይቼ ሰማሁት» ትለኛለች። ደስ ይላታል።

ኅዳር ሲገባ ከሀ እስከ ፐ ሳልሰናከል እዘልቀው ነበር። ጣቴ ግን አፌ ያለበት ቦታ ሆኖ አያውቅም። አፌ ለ ላይ ሲሆን ጣቴ ነ ላይ፣ አፌ ነ ሲደርስ ጣቴ ከገበታው ወርዶ ጉንዳን ይከተላል። ስንጥሩን ካህናቱ መቋሚያቸውን እንደሚያነሡና እንደሚጥሉ ዓይነት፣ ዜማ መምቻ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ አንድ ብርዳም ጠዋት የኔታ አንገታቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ተቀመጡ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ንፋስ ብቻ ነበር። የሚያጫውቱን መስሎን ሳቅን። ደግመው ሞከሩ። በጉሮሯቸው አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ድምፅ ግን የለም። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ወደ ቤት ይልኩናል ብለን ስንጠብቅ ስንጥራቸውን አንሥተው ከገበታው መሀል አንዲቷ ፊደል ላይ አሳረፉና አዩን።

የጠጅ ጣይዋ ልጅ «ሀ ግዕዝ!» ብሎ ጀመረ። ሁላችንም ተከተልነው። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ ግን መቆም አቅቶን እስከ ፐ ወረድን። ዝም ስንል ስንጥሩ እዚያችው ፊደል ላይ ነበር። ልጁ እንደገና «ሀ» አለ፤ አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ የሚጀምር ጠፋ።

እኔ በልቤ ከላይ ጀመርኩ። ሀ ያልኩ እንደሆነ የመጀመሪያውን መስመር፣ ለ ያልኩ እንደሆነ ሁለተኛውን በዓይኔ እየያዝኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ዓይኔ ስንጥሩ ዘንድ ሲደርስ አፌ ያለው «ጠ» ነበር።

«ጠ!» ብዬ ጮህኩ።

የኔታ ፊታቸው በራ። ወዲያው ስንጥሩን ወደ ሌላ አዛወሩት፤ እኔም ተመልሼ ከሀ ጀመርኩ። እስከ ቀትር ድረስ ሌሎቹም ይህን መላ ከእኔ ወስደው ሁሉም ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። የኔታም ያንን ሁሉ የሚንቀሳቀስ ከንፈር አዩ።

በማግስቱ የጉሎ ቅጠል ይዘው መጡ። ሰፊ ናት፤ መሀሏን ቀደዋታል። ገበታው ላይ ጣል ሲያደርጓት ሌላው ሁሉ ተሸፍኖ በቀዳዳዋ አንዲት ፊደል ብቻ ታየችን። ከላይዋ ማን እንዳለ፣ ከታቿ ማን እንዳለ አይታወቅም። የምወርድበት ደረጃ ጠፋ። ስሟን በየቀኑ ስጠራ የኖርኩት ፊደል ፊት ለፊት ስታየኝ ማን እንደሆነች አላወቅኋትም።

መልካቸውን መልመድ የጀመርኩት ያኔ ነው። ጠ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሆነች። ተ መስቀል፣ ዐ ቀለበት፣ መ ሁለት ዓይን። ከትምህርት ስመለስ በየጠባቡ መንገድ በየግድግዳው ፊደል እፈልግ ነበር። ኖራው የተሰነጠቀበት ቦታ ነ አገኘሁ። አንድ በር ላይ በ አየሁ። ከግንቡ ውጭ ወዳለችው ሶፊ የምትመለስ ገበሬ ጭነቷን አዝላ ጎንበስ ስትል እንኳ ማንን እንደምትመስል አስብ ነበር።

ከቤታችን ፊት ለፊት የሐረሪ ቤተሰብ ይኖራል። ልጃቸው እኩያዬ ናት፤ ቤቷ የራሷን ቋንቋ ትናገራለች፣ ከእኔ ጋር አማርኛ። ከከቢሯ፣ ከቁርአን አስተማሪዋ ማለት ነው፣ ስትመለስ ሎሕ የሚሉትን የእንጨት ሰሌዳ ይዛ አገኘኋት። እኔም መሀሉ የተቀደደ የጉሎ ቅጠል ይዤ ነበርና ሰሌዳው ላይ አስቀምጬ «ይቺ ማን ናት?» አልኳት።

ቅጠሉን አንሥታ «ከወዲህ አይደለም» አለች። «ከዚያ በኩል ነው የሚጀመረው።»

«ለምን ከዚያ?»

«አንቺ ለምን ከዚህ?»

አላወቅሁም። ቅጠሉን ወደ ነገረችኝ ዳር ወሰድኩት። ቀዳዳው ውስጥ አይታ «ባእ ናት፣ የእናንተ በ» አለች። «አሁን ግን ጎረቤቷን ይዛለች። ብቻዋን ስትሆን ሌላ መልክ አላት።»

«አንዷ ፊደል ሁለት መልክ?»

«ወላሂ! ከፊት ስትሆን ሌላ፣ ከኋላ ስትሆን ሌላ።» በጣቷ አፈሩ ላይ ጻፈችልኝ። ቅርጿ ይለወጣል፣ እሷ ግን ያችው ናት አለችኝ። የእኛስ? እያልኩ አደርኩ።

ጠዋት የኔታን «የእኛ ፊደሎችም መልካቸውን ይለውጣሉ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ድምፅ ቢኖራቸው ምን ብለው ይመልሱልኝ እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ከድንጋያቸው ወርደው አፈሩን በእጃቸው ደልደል አድርገው በ ጻፉ። ከጎኗ ያችኑ በ ደግመው ወገቧ ላይ ጭረት አደረጉላት፤ ቡ። ደግመው ጻፉና ጭረቱን እግሯ ላይ አወረዱት፤ ቢ። ቀጥለው አንድ እግሯን አስረዘሙት፤ ባ። እግሯ ላይ ቀለበት አሰሩላት፤ ቤ። እንዲሁ ብንና ቦን ጨመሩ። በሰባቱም ውስጥ ያችው በ ቁጭ ብላለች! እኔ እስከዚያ ቀን ሰባት የማይተዋወቁ ሰዎች ነበር የመሰሉኝ።

የኔታ «ከ»ን ጻፉና ስንጥሩን ለእኔ ሰጡኝ። ወገቧ ላይ ጭረት አደረግሁላት።

«ኩ?»

ራሳቸውን ወደ ታች ነቀነቁ። ሌላ «ከ» ጽፌ እግሯ ላይ ቀለበት አሰርኩ። «ኬ!» ዜማ የለም፣ ተከታይ የለም፣ ከራሴ ነው የወጣው። ልጆቹ ሁሉ ተነሥተው ከበቡን። ደፍሬ ረ ጻፍኩና ወገቧ ላይ ጭረት ሳደርግ የኔታ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለ ድምፅ እየሳቁ ነበር። የኔን አጥፍተው እውነተኛዋን ሩ ጻፉ። እንደ ሌሎቹ አይደለችም።

«ይቺ ለምን እንደ እህቶቿ አልሆነችም?»

ሁለት መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

እኛ እንዲህ ስንሆን በግንቡ ወዲያ ሌላ ወሬ ይወራ ነበር። እናቴ ስታልፍ የምትሰማው ድምፅ የለም። «ልጆቹ ዝም ብለው ነው የሚውሉት» አለች ለአባቴ። «የጠጅ ጣይዋም ልጄን አስቀራለሁ እያለች ነው። ድምፅ የሌለው መምህር ምን ያስተምራል?»

አባቴም በማግስቱ ከዘብ እንደወጡ መጡ። የኔታን እጅ ነሥተው ቆሙ። ምን ሊሉ እንደመጡ ፊታቸው ላይ አውቄዋለሁ። የኔታ ግን ምንም ሳይደነግጡ ቅጠሏን ለእሳቸው አቀበሏቸው። አባቴ ምን እንደሚያደርጓት ግራ ገብቷቸው አገላበጧት።

«ገበታው ላይ ያድርጓት፣ አባባ» አልኳቸው። «የፈለጉት ቦታ። ከዚያ ማን ናት ይበሉኝ።»

አደረጓት። «ሚ» አልኩ። አዛወሯት። «ጎ።» አዛወሯት። ኘን ነ አልኳት፤ የጠጅ ጣይዋ ልጅ ከኋላዬ «ቆብ አላት፣ አላየሽም?» ብሎ አረመኝ። አባቴ ሊያስቀሩኝ እንደመጡ ረስተው ቁጭ አሉ። ልጆቹን በየተራ ጠየቁ። አንዳንዱ አወቀ፣ አንዳንዱ ሳተ።

«እኔን እንዲህ አላስተማሩኝም» አሉ በመጨረሻ። ቅጠሏን ግን አልመለሷትም፤ በጋቢያቸው ይዘዋት ሄዱ።

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳዊታቸውን ከሰቀሉበት አውርደው ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ አየሁ። አባቴ ማለዳ ማለዳ በቃላቸው የሚደግሙት እሱኑ ነው፤ ሲደግሙ እንደ ጅረት ነው፣ አይቆሙም። ያን ቀን ገጹ ላይ ቅጠሏን አደረጉ። በቀዳዳዋ የታየችውን አንዲት ቃል ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ቅጠሏን አነሡ፣ ከላይ ጀምረው እስኪደርሱባት ደገሙ፣ እንደገና ሸፈኑ።

«እዚህ ነይ እስቲ» አሉኝ። «ፊደሎቹን ንገሪኝ።»

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ለካ ይቺን ነው ስል የኖርኩት» አሉ። ያዘኑ አልመሰለኝም፤ አዲስ ሰፈር ውስጥ እንደገባ ሰው ዙሪያውን የሚያዩ ነው የመሰለኝ። ለእናቴም «ልጅቷ ትማራለች፣ ተያት» አሏት። የጠጅ ጣይዋ ዘንድ ሄደውም እንዲሁ ነገሯት፤ ልጇ አልቀረም።

ገና ሲቃረብ የየኔታ ድምፅ በማርና በጠበል ጥቂት በጥቂት ተመለሰ። የድሮው ግን አልሆነም፤ ሻካራና ዝቅ ያለ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ የሰማሁት ቃላቸው «ተው፣ አትገፋፉ» የሚል ነበር። እኔ ፋታ አልሰጠኋቸውም፤ ረ ለምን እንደ እህቶቿ እንዳልሆነች ደግሜ ጠየቅኋቸው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ በዚያ በሻካራ ድምፅ። «የጠየቀኝም የለ፤ እኔም መምህሬን አልጠየቅኋቸው።» ትልቅ ሰው እንጃ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዜማው ተመለሰ፤ እናቴም በግንቡ ወዲያ ቆማ ድምፄን ትሰማ ጀመር። ከጥምቀት በኋላ ወደ አቡጊዳ ገባሁ። አቡጊዳ ፊደሎቹን ሁሉ አደበላልቆ የሚያስቆጥር ነው፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ልጆች አልቅሰውበታል ይባላል። እኛ ግን እንደ ጨዋታ ነው የተወጣነው።

አባቴ ዳዊቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ፤ በጣታቸው፣ ቃል በቃል። የማለዳ ጸሎታቸው ረዘመ፤ ቁርሳቸው እየቀዘቀዘ ያስቸግር ጀመር።

«ድሮኮ ቶሎ ይጨርሱ ነበር» አለቻቸው እናቴ።

«ድሮ አላየውም ነበራ» አሉና ጣታቸውን ከመስመሩ ሳያነሡ ቁርሱን ትንሽ ቆይታ እንድታመጣላቸው በሌላ እጃቸው ምልክት ሰጧት።