የሼህ ኢድሪስ ነሐስ

ጾም መሻሬንም ሚዛን ማጉደሌንም ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ይህችን ግን ሁልጊዜ ዘልያት አልፋለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

የመንግሥት ጦር አገሩን ያስገበረበት ዘመቻ ካለፈ በኋላ አሶሳ የወረድሁት እንደ ሌላው ነጋዴ ወርቅ ልገዛ ነበር። የያዘኝ አመል ግን ሌላ ነው። ከእስክንድር በኋላ ግብፅን የገዙት የግሪክ ነገሥታት ያሠሩት የነሐስ ሳንቲም ከሱዳን በሚመጡ ነጋዴዎች እጅ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ እኔ እሱን እሰበስባለሁ። ጓደኞቼ «ወርቅ አገር ወርዶ ነሐስ ለቃሚ» እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ! እኔን ያንገበገበኝ በአንድ ፊቱ ቀንዳም ራስ፣ በሌላው ንስር ያለበትን ትልቁን ሳንቲም አለማግኘቴ ነበር።

በመጨረሻ በሼህ ኢድሪስ ልጅ አንገት ላይ አየሁት። ሼሁ የበርታ ባላባት ነበሩ። ልጅቱ እርጉዝ ናት፤ ሳንቲሙም የቤቱ ሴቶች እስኪገላገሉ የሚያስሩት ክታብ ነው። እንዲሸጡልኝ ለመንኋቸው። ሼሁ በሚያውቋት አማርኛ «ልጄ ገና አልወለደም» ብለው ሳቁ።

ተናደድሁ። «እንግዲያው ነሐሱን ካልሰጡኝ አልሄድም!» አልሁ።

ፊታቸው ተለወጠ። በእነሱ ዐረብኛ «ነሐስ» ማለት የባላባቱ ነጋሪት ነው። ባላባት ሲሞት ይጎሰማል፤ ከተወሰደ ባላባትነቱም አብሮ ይሄዳል። መንግሥት ልኮኝ ነጋሪታቸውን ልወስድ የመጣሁ መሰላቸው።

አላወቅሁም ልበል? ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያሰብሁት በአማርኛ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ከሱዳን ነጋዴዎች የሰማሁት ዐረብኛ ትዝ ብሎኝ ወዲያው ገባኝ። «ክታቡን ማለቴ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ዝም አልሁ።

ሼሁ ገብተው ክታቡን ይዘው ወጡ፤ ክሩ ተበጥሷል። ልጅቱ ከውስጥ ታለቅሳለች። «ይሄ ውሰድ። ነሐስ ተው» አሉኝ። ወሰድሁ። እኔ ነኝ የወሰድሁት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ልጅቱ በሰላም መገላገሏን ስሰማ ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ በደሌ የተፋቀልኝ መስሎኝ ነበርና።

ከዓመታት በኋላ ስመለስ ሼሁ ሞተዋል። ወንድማቸው መቀመጫ ሰጥተው ነገሩኝ። እኔ በሄድሁ ዕለት፣ ይህ ሰው ተመልሶ ይመጣል ብለው ሼሁ ነጋሪቱን መሬት ውስጥ ቀበሩት። ሼሁ ሲሞቱ ቢያወጡት ቆዳውን ምስጥ ጨርሶታል። «ሼህ ዝም ብሎ ተቀበረ» አሉኝ፣ «እንደ እንግዳ።»

ያን ጊዜም ነጋሪቱን ፈልጌ እንዳልነበር አልነገርኋቸውም። ሳንቲሙንም አልመለስሁም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ነጋሪት ሳይጎሰምለት ተቀብሯል።