የሙሽራዋ ጓዳ

በውኃ የተለወሰ ቀይ አፈር ሲሸተኝ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። ያደግሁት ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ባለ ግቢ ነው፤ ቤቱ ግን የእኛ አልነበረም። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወታደር ነበር፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌው የአንዲት ሐረሪ ሴትዮን መኖሪያ ጭምር ትርፍ ነው ብሎ ሰጠው። ፊደል የቆጠርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ ስለሆነ አሳምሬ አልጽፍ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ሳሎኑ ወንበር አያውቅም፤ ከወለሉ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ከፍና ዝቅ ያለ ነደባ የሚሉት መደብ ነበረው፣ ለአባወራው፣ ለሽማግሌው፣ ለልጁ ለየብቻ ቦታ ያለው። እኛ ምን ገዶን! እናቴ የአባወራው ቦታ ላይ የማሽላ ጆንያ ትቆልል ነበር። የቤቱ ባለቤት አዴ ሩቂያ ኤረር በር አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው እየኖሩ፣ አረፋ በመጣ ቁጥር እንደ ሐረሪ ወግ ቀይ አፈር በሳፋ ለውሰው ይመጡና፣ እናቴን አስፈቅደው፣ መደቡን በእጃቸው ቀብተው ይሄዱ ነበር። አባቴ «የነፃ ቀለም ቀቢ መጣች» እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

አንድ ክረምት የጭቃው ጣሪያ ቢያፈስ አባቴ ቆርቆሮ መታበት፤ ይኼስ ይሁን፣ ሐረሪዎቹም ያደርጉት ነበር። በጋ ሲገባ ግን የሽቦ አልጋ ገዝቶ መጥቶ፣ ቦታ ቢያጣለት አንዱን መደብ በዶማ ንዶ አስገባው። ከሳሎኑ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍልም «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች?» ብሎ ዶሮ አጎረባት።

በዚያ ዓመት አረፋ አዴ ሩቂያ ሳፋቸውን ይዘው መጥተው፣ የፈረሰውን መደብ አይተው እንዳላዩ አልፈው፣ እናቴን ለመኗት።

«ልጄ ሊያገባ ነው። ሙሽራ የምትገባው በዚች ጓዳ ነው፤ አማቴም እኔም የገባነው እዚሁ ነው። ወላሂ፣ ጫጉላው ሲያልፍ እመልሳለሁ፣ አውሱኝ።»

ይህን እያሉ የጓዳዋን በር ከፈቱት። ዶሮዎቹ እየተንጫጩ በእግራቸው ሥር ወጡ።

«እነዚህ ናቸው ሙሽሮቹ?» አሉ ቀስ ብለው።

አባቴ አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ «አዎ እትዬ! የእርስዎዋ ሳትገባ እነሱ ወልደዋል!» ብሎ ሳቀ።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ «አጥበን እንሰጥዎታለን አዴ፣ ዛሬውኑ» ብትል፣ «ተይው ልጄ፤ ሰው እንዲህ ካየው በኋላ ሙሽራ አይገባበትም» ብለው፣ አፈሩን ከነሳፋው ትተው ወጡ። አፈሩ ግቢው ውስጥ ደርቆ እስኪሰነጠቅ የነካው አልነበረም። ልጃቸው ሚስቱን ያገባው በዚያችው የኪራይ ክፍል፣ መሐል መጋረጃ ጋርደው ነው። እሳቸውም ዳግመኛ በራችንን አልረገጡም።

አሁን አቦከር ሰፈር ብሎኬት ቤት ሠርቼ እኖራለሁ። የጀጎሉ ቤት እሳቸው ካረፉ በኋላ ለልጃቸው ተመልሷል። በቀደም እዚያ ሰፈር ለቅሶ ደርሼ ስመለስ አይቶኝ አስገባኝ። የቀሩትን መደቦች ነቅሎ ሴራሚክ አንጥፏል፣ ሶፋ ደርድሯል፣ ጓዳዋን ሻወር ቤት አድርጓታል። «ዘመኑ ነው ወንድሜ፣ ምን ይደረግ» አለኝ እየሳቀ።

እሱ ያፈረሰው የእናቱን ቤት ነው፤ ቢቆጨው ማልቀስ ይችላል። እኛ ያፈረስነው የሰው ቤት ነው፤ እኔ በምን ፊቴ አለቅሳለሁ? ያቀረበልኝን ሻይ ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ።