አሳዳጊ ያልበደለው ታንክ

አርዲስ ሆግሉንድ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የነዳጅ ማደያው መቅጃ ሞላ ብሎ ቀጭ ካለ በኋላ ትንሽ ሳይጨምሩበት የሄዱበትን ቀን ሺቦይገን ከተማ ውስጥ ያየ ሰው የለም። በጎዶሎ ታንክ መንገድ የሚወጣ ሰው ለእሳቸው አሳዳጊ የበደለው ነው።

ጋራዤ የመጡት የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶባቸው ነው፤ ልጃቸው ከርትም ተከትሏቸው መጣ። በረዶው ሲቀልጥ እናቱ የጎረቤት የፖስታ ሳጥን ገጭተው ስለነበር ቁልፋቸውን የሚቀማበት ምክንያት ሲፈልግ ከርሟል።

«መኪናዋ ዛሬ የጭስ ምርመራውን ካላለፈች ቁልፉን እኔ እወስዳለሁ፤ ተስማምተናል» አለኝ።

ዓርብ ዓርብ ሁለት ባልቴቶች ጭነው ዓሣ ጥብስ ሊበሉ የሚሄዱት አርዲስ ናቸው። ያለ መኪና ቤት እንዳይቀሩ ብዬ ቶሎ ሥራ ጀመርኩ።

ጥፋቱ የታንኩ ክዳን ነበር። የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ ደርቆ የነዳጅ ትነት ያሾልካል። ቀየርኩትና ማሾለኩን ማቆሙን ለማረጋገጥ የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰካሁ። ስካነሩ ታንኩን ዘግቶ፣ አየሩን ስቦ፣ ይይዝ እንደሆነ ያያል። ግን ታንኩ ሞልቷልና አልሞክርም አለ። ግማሽ ግድም ይፈልጋል።

«በቃ፣ ነድቼ አጎድለዋለሁ» አሉ አርዲስ።

«አንቺ? አውራ ጎዳና ላይ? እኔ ቆሜ እያየሁ?» አለ ከርት። ቁልፉን ነጥቆ ነዳጁን ሊያጎድል ወደ ግሪን ቤይ ከተማ ነጎደ።

ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ስካነሩን ብሰካው አሁንም ሞልቷል ይላል። ተበላሸ ብዬ ልረግመው ስል የነዳጅ መለኪያውን መርፌ አየሁት፤ ጫፍ ላይ ተሰቅሏል።

«ከርት፣ ምን አደረግክ?»

«ምን አደረግኩ? ስመለስ ሞላሁላት።»

«አጉድል ተብለህ?»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «የሰው መኪና ወስጄ በጎዶሎ ልመልስ? እጄ ነው ራሱ የቀዳው።»

«ሆን ብለህ ነው» አሉ አርዲስ። «ቁልፌን ፈልገህ ነው።»

«እማዬ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የአባባን መኪና በግማሽ ታንክ ብመልስ በነጠላ ጫማ ያሳደደኝ ማን ነው?»

ልጁን አሳዳጊ አልበደለውም፤ ጉዱ እሱ ነው።

«እንግዲያው እኔ እነዳለሁ» አሉ አርዲስ። «አንተ ጎኔ ትቀመጣለህ። ማደያ ስናልፍ እጅህን ኪስህ ውስጥ ትከታለህ።»

ከርት መኪናዋ ውስጥ ገብቶ የመቀመጫ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ወዲያው ለሚስቱ ደወለ። አነጋገሩ የኑዛዜ ነበር።

የምርመራ ጣቢያው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ተመለሱ። አርዲስ መሪውን ቀጥ አድርገው ይዘው ቀስ ብለው ገቡ። ከርት ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል።

«መቼ ነው የተኛው?» አልኳቸው።

«ግማሽ መንገድ፣ ማኒቶዎክ እንኳ ሳንደርስ። ተወው፣ ደክሞታል።»

ስካነሩ በዚህኛው ጊዜ አላቅማማም። ታንኩን ዘጋ፣ ሳበ፣ ጠበቀ፣ ምንም አይወጣም አለ። በድምፁ ከርት ባነነ።

«አለፈች?»

«እኔ ጋ አልፋለች፣ ጣቢያውም አያስቸግራትም» አልኩት። «ግን የምትፈራው ሹፌር ጎን እንደዚህ የሚያንኮራፋ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ከርት አገጩን በእጅጌው ጠረገ። እናቱን አየ፣ ቁልፉን አየ። ከመቀመጫው ግን አልወረደም።

«በይ ንጂ፣ እማዬ፣ ሳይዘጉብን» አለና ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።