የሰናይት መርጃን

ገንዳ ውሃ ከተማ፣ አንድ ሱቅ በር ላይ ከተቀመጠ፣ ዚር ከሚሉት የሸክላ ጋን ውሃ ቀድቼ ስጠጣ፣ የእርጥብ ሸክላው ሽታ የልጅነት ጎረቤታችንን ልጅ የሰናይትን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

አባቷ ጋሽ ሙላት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ሰሊጥ ጭነው ፖርት ሱዳን ደርሰው ሲመለሱ፣ ከባሕር የወጣ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ነጭ ነገር አመጡላት። መርጃን ይባላል አለችን። ሰናይት በዚያ ሙቀት እንዳይጠማው ብላ ቀትር በሆነ ቁጥር ዚራቸው ውስጥ ትነክረዋለች፤ እኛ ከብበን እናያለን። አታስነካንም። እኔ ጣዕሙ እንኳ ይድረሰኝ ብዬ፣ ሳይጠማኝ ከዚያ ዚር ውሃ እየለመንኩ እጠጣ ነበር።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ "ጋሽ ሙላት፣ ለእኔም ያምጡልኝ" አልኳቸው።

ጎማ እየፈቱ ነበር። "ባሕሩ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ልጄ። ቀይ ነበር፤ ሰብሬ ሳወጣው ነጣብኝ። ስንት ዓይነት ዓሣ ቤቱ እሱ ነው መሰለሽ። ሁለተኛ አልነካውም" አሉኝ።

"ለልጃቸው ሲሆን ዓሣው ትዝ አላላቸውም" እያልኩ በግኜ ወደ ቤት ገባሁ።

ገንዳ ውሃ ከዚሩ በጠጣሁበት ቀን ማታ ይህን ለልጄ ሳጫውታት፣ ከስልኳ ላይ ፈልጋ በሕይወት ያለ መርጃን አሳየችኝ። ቀይ ነው፤ በቅርንጫፎቹ መሃል ቢጫውም ሰማያዊውም ዓሣ ይርመሰመሳል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የቀናሁት በአጥንት ኖሯል። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ከሰናይት ወደ አባቷ ዞረ። እሳቸው ሳይሰበር አይተውታል።