የገመዴ እርምጃ

እኔ የመዋኛ ገንዳው ትኬት ቆራጭ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በአንዲት መስኮት ተቀምጬ ሰው አስገብቻለሁ። ስለ ገንዳው የማላውቀው ነገር ቢኖር መዋኘት ብቻ ነው። ሰዎች ነጭናጫ ይሉኛል። ይበሉ። ጢም ያወጣ ጎረምሳ ይዞ መጥቶ «ለሕፃን ግማሽ አይደል?» ለሚል አባት ቀኑን ሙሉ መልስ ሲሰጡ ይዋሉና ያኔ እንነጋገራለን።

የማወራው ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ገመዴ ነው። ገመዴ የገንዳው ሠራተኛ ናት፤ ስሙ የወጣላት ገመድ ከእጇ ስለማይጠፋ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች፣ የመስመር ገመዶቹን ውሃው ላይ ትወጥራለች፣ ክሎሪኑን ትለካለች፣ ወለሉን ታጥባለች፣ ከዚያ ባጠበችው ላይ ሄድክ ብላ እኔን ትሰድባለች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ለምን ሲሏት «የተቀጠርኩት ገንዳ ላይ እንጂ ገንዳ ውስጥ ነው እንዴ?» ትላለች። እውነቱን ልናገርና ትፈራለች።

ከሥራዋ ሁሉ የምትኮራው ባንዲራ በመስቀሏ ነበር። ለማያውቅ ላስረዳ። በጀርባው የሚዋኝ ሰው የሚያየው ጣሪያ ነው፤ ግድግዳው የት እንደሆነ አያይም። ስለዚህ በገንዳው ጫፍና ጫፍ፣ ከግድግዳው ልክ አምስት ሜትር ላይ፣ ትንንሽ ባንዲራ የተንጠለጠለበት ገመድ ከውሃው በላይ ይዘረጋል። ዋናተኛው ባንዲራው በላዩ ሲያልፍ ክንዱን ስንት ጊዜ እንደወረወረ መቁጠር ይጀምራል። ቁጥሩ ሲሞላ ግድግዳው እጁ ላይ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ወይ ጭንቅላቱን ይፈነከታል፣ ወይ ባዶ ውሃ ይዳብሳል።

የእኛ ገንዳ የባንዲራ ምሰሶዎች ዝገው ከተነቀሉ ቆይተዋል። አለቆቻችን «ሰሞኑን እናስተክላለን» ካሉ ዘጠኝ ዓመታቸው። ገመዴ ሰሞኑን እስኪደርስ አልጠበቀችም። አራት አሮጌ ጎማ ሲሚንቶ አስሞልታ፣ መሃላቸው ላይ ቧንቧ አቁማ የራሷን ምሰሶ ሠራች። ማታ የስፖርት ተማሪዎች ቦታው ስለሚያስፈልጋቸው ጎማዎቹን ወደ ጥግ ታንከባልላለች፤ ጠዋት ትመልሳቸዋለች። ቦታቸውን የምትለካው በእግሯ ነው። ተረከዟን ጠርዙ ላይ ታስጠጋና አምስት ጊዜ ትራመዳለች። የገንዳው የዋና አሰልጣኝ መጀመሪያ ሰሞን ሜትር ይዞ ተከታተላት፤ ጣት ታህል አልጎደለም፣ አልተረፈም። «እትዬ፣ የእርስዎ እግር ከፋብሪካ ነው የወጣው» አላት። ከዚያ ወዲህ ሜትር ያወጣ የለም። ሊያወጣ የሞከረም ስድቧን ጠጥቶ መልሶታል።

እህቷ ስትሞት የስድስት ዓመቷን የእህቷን ልጅ እሷ ወሰደች። ቤት የሚጠብቅላት ሰው ስላልነበረ ይዛት ሥራ ትመጣና እኔ ዘንድ ታስቀምጣት ነበር። እኔ ሂሳብ ስመልስ ልጅቱ ውሃ ውስጥ ናት። ሦስት ጊዜ ካመለጠችኝ በኋላ አሰልጣኙ «በቃ እኔ ላስተምራት» አለ። ገመዴ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተስማማች፤ ግን ልጅቱ ፊቷን ውሃ ውስጥ እንዳትደፋ። «በጀርባዋ ትዋኝ፤ ፊቷን ልየው» አለች። ልጅቱ የጀርባ ዋናተኛ የሆነችው በዚህ ነው። ጋዜጠኛ ጠይቋት «ከልጅነቴ ተሰጥኦው ነበረኝ» ስትል ሰምቼ ትን ብሎኛል።

ሁልጊዜ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ልጅቱ ትዋኛለች፣ ገመዴ ጠርዝ ላይ ቆማ ከባንዲራው እስከ ግድግዳው ጮክ ብላ ትቆጥርላታለች። ቁጥሯ አምስት ነበር፤ በአምስተኛው ክንድ ግድግዳ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን በአራተኛው ነካች። በማግሥቱም አራት። አሰልጣኙ «አቅም አወጣች፤ ክንዷ ውሃውን መግፋት ጀመረ» ብሎ ጨፈረ። ገመዴ ለሁላችን ሻይ ጋበዘች፤ ለእኔ ሳይቀር። ሃምሳ ሜትር ገንዳ ከእኛ ሌላ ስለሌለ የአገሩ ውድድር ሁሉ እዚሁ ነው የሚደረገው፤ ልጅቱም እዚሁ በአራቱ አሸነፈች። ዘንድሮ በዓለም አቀፉ ሻምፒዮና፣ በሴቶች መቶ ሜትር የጀርባ ዋና እንድትወዳደር ከአሰልጣኙ ጋር ተላከች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

የማጣሪያው ቀን ጠዋት ገንዳውን ዘግተን ቢሮ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮለኮልን። ልጅቱ ጥሩ ወጣች። ከባንዲራው ሥር አለፈች፣ ለመዞር ተገለበጠች፣ እግሯ ግን ግድግዳውን ያገኘው በጣቷ ጫፍ ነበር። ስትጨርስም እጇን ዘረጋች፤ ግድግዳው የለም። እጇን እንደዘረጋች ተንሳፍፋ ስትደርስ ሌሎቹ ነክተው ነበር። እንደ ዕድል አሥራ ስድስተኛ ወጣች፤ ለማታው ግማሽ ፍጻሜ የሚያልፉት ደግሞ አሥራ ስድስት ናቸው። ቢሮው በጭብጨባ ተናጋ። ገመዴ አላጨበጨበችም። የቀኝ ጉልበቷን እያሸች ቁጭ ብላለች።

ጉልበቷን ካመማት ሁለት ዓመት ሆኗታል። ደረጃ ስትወጣ አንዱን እግሯን ጎትታ ከሌላው አጠገብ ታሳርፈዋለች። ሁላችንም እናያለን፤ ማንም ግን ያንን እግር ከባንዲራው ጋር አላገናኘውም።

«ሜትር አለህ?» አለችኝ።

ከመጋዘን አምጥቼ ተከተልኳት። ተረከዟን ጠርዙ ላይ አስጠግታ እንደ ወትሮዋ አምስት ተራመደች። ለካሁ። አራት ሜትር ከአርባ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ልጅቱ በአራት ክንድ የምትደርሰው ባንዲራው ወደ ግድግዳው ስለቀረበላት ኖሯል።

ገመዴ ጎማው ላይ ተቀመጠች። እኔም አፌ አያርፍ፣ «ባትነግሪያትስ?» አልኳት። «ልጅቷ እኮ አራቱን ይዛ ነው የሄደችው። አቅም አወጣሁ ብላ ነው። አሁን ከውድድሩ በፊት አልነበረም ልትያት ነው?»

«ግድግዳ ፍለጋ ስትዳብስ ቁጭ ብዬ ልያት?» አለች። «እኔው አጠፋሁ፣ እኔው እነግራታለሁ። ደውልልኝ።»

የልጅቱን ስልክ አሰልጣኙ ሐሳቧ እንዳይበተን ብሎ ቀምቷታል። የእሱ ደግሞ አይነሳም። ሰባት ጊዜ ደወልኩ፤ በስምንተኛው አነሳ። «እትዬ፣ ለእኔ ይንገሩኝና አደርስልዎታለሁ» አለ። «በእኔ እግር ለተሠራው ጥፋት አንተ ምን አገባህ፣ ስጣት» አለችው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግነው።

ልጅቱ ስታለቅስ ነበር። «አክስቴ፣ አቃተኝ። ልምምድ ላይም እጄ ግድግዳ እያጣ ነበር፤ የጉዞ ድካም ነው አሉኝ። ድካም አይደለም፣ እኔ ነኝ። የማታውን አልዋኝም።»

«አንቺ አይደለሽም» አለች ገመዴ። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጉልበቱን፣ እርምጃውን፣ አራት ከአርባውን። ምንም ሳታስተባብል ነው የነገረቻት። ለማስተባበል አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሸመችኝ።

 

«ታዲያ አራቱ የኔ አልነበረም ማለት ነው» አለች ልጅቱ።

«አልነበረም፣ ልጄ። ይቅር በይኝ። ያኔ ሻይ ሁሉ ጋብዤበታለሁ።»

ልጅቱ በአፍንጫዋ እየሳበች ሳቀች። «አንቺ እኮ ሜትር አታስነኪም።» ከዚያ «ስንት ልቁጠር?» አለች።

«አምስት። እንደ ድሮው።»

«እሺ። ግን እኔም የምልሽ አለኝ። ሐኪሙ ለጉልበትሽ ውሃ ውስጥ ተንቀሳቀሺ ካለሽ ስንት ጊዜው ነው? ማታ ከዋኘሁ፣ ስመጣ ትገቢያለሽ።»

ገመዴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እገባለሁ» አለች።

ማታ ግማሽ ፍጻሜው ሲጀመር ቢሮው ጢም ብሏል። ገመዴ አልተቀመጠችም። ልጅቱ የጠርዙን መስመር ይዛ ወጣች፤ ወደ መዞሪያው ስትቃረብ ሰባተኛ ነበረች። ባንዲራው በላይዋ ሲያልፍ ገመዴ እንደ ጠዋቱ ልምምድ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት ላይ የሸሚዜን እጅጌ ጨመደደች። አራተኛው ላይ ልጅቱ አልተገለበጠችም። አምስት ስትል ተገለበጠች፤ እግሯ ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ አገኘና ገፋ። መጨረሻው ላይ ሁላችንም አብረን ቆጠርን፤ ለማንም ቆጥሬ የማላውቀው እኔም ቆጠርኩ። በአምስተኛው እጇ ግድግዳው ላይ ዐረፈ።

ከስምንቱ ስድስተኛ ወጣች፤ ፍጻሜ አልገባችም። ሰዓቷ ግን እኛ ገንዳ ላይ ካስመዘገበችው ሁሉ በአንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጥናል። አራቱ የእሷ አልነበረም፤ ፍጥነቱ ግን የራሷ ነው። ይህን ለገመዴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔን ክሎሪን ነካው አልኩ።

በማግሥቱ አምስቱን ሜትር በሜትር ለክተን ወለሉ ላይ ቀይ ቀለም ቀባን። የሜትሩን ጫፍ የያዝኩላት እኔ ስሆን አያያዙን አላወቅህም ብላ ስትቆጣኝ አረፈደች።

ልጅቱ በመጣች በሦስተኛው ቀን ገመዴ የመዋኛ ልብስ ለብሳ ላዩ ላይ ፎጣ ተጠቅልላ መስኮቴ ጋ ቆመች። ትኬት ቆረጥኩላት። «ሠራተኛ ነኝ እኮ» አለች። «ሠራተኛ ገንዳ ላይ ነው፤ ገንዳ ውስጥ የሚገባ ትኬት ይቆርጣል» አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነበር።

በመሰላሉ እያንዳንዱን ደረጃ እየተሳደበች ወረደች። ልጅቱ ውሃ ውስጥ ቆማ ጠበቀቻት፤ አንገቷንና ወገቧን በእጇ ደገፈች።

«በጀርባሽ ተኚ፣ አክስቴ» አለቻት። «ፊትሽን ልየው።»

ገመዴ ዓይኗን ጨፍና ተኛች። ልጅቱ ቀስ እያለች ወደ ግድግዳው ወሰደቻት። ባንዲራው ጋ ሲደርሱ ገመዴ ዓይኗን ገለጠች፤ ያን ሁሉ ዓመት የሰቀለችውን ከሥሩ ስታየው ያ የመጀመሪያዋ ነበር። አንድ እጇን ከውሃው አውጥታ መለሰችና መቁጠር ጀመረች። ግድግዳው ጋ እስክትደርስ ሃያ ሦስት ቆጠረች።