የኡሚ ሳንባና ጆሮዋ

እናቴ፣ ኡሚ የምላት፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጥ ነበር። መደቧ ከጨርቅ ተራው ማብቂያ፣ ጋሪዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ነው። ከገጠር የመጣውን በኦሮምኛ፣ ባለሱቁን በሶማልኛ፣ የሐረር ሴቶችን በሐረሪ፣ ከሶማሊያ ጦርነት ወዲህ ከተማውን የሞሉትን የወታደር ሚስቶች ደግሞ በአማርኛ ትከራከራለች። ለአንዷ እየመዘነች ሌላዋን ትጠራለች፣ ሦስተኛዋን ትሰድባለች፤ የተሰደበችውም ስቃ ትገዛለች። አባቴ ለሥራ ጅቡቲ ከሄደ በኋላ ወሬው ጠፍቷል። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። የምንኖረው በእሷ ምላስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሳሉ ሲጀምራት ማንም ልብ አላለውም። በርበሬ የምትሸጥ ሴት ካላሳለች ማን ሊስል ነው? እሷም በርበሬው ነው ትላለች፣ እኔም እንደዚያው። በርበሬው ነው እያልን ክረምቱ አለፈ። ቀሚሷ ሰፋት። ሌሊት የሚያልባት ላብ አንሶላውን ያርሰው ጀመር፤ በድሬዳዋ ሙቀት ማላብ ብርቅ ስላልሆነ ለእሱም ምክንያት አገኘንለት።

አንድ እሁድ ቀበሌው ለስብሰባ ጠራን። ካድሬው ብዙ ከተናገረ በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ ተነስቶ፣ ሳል የቆየበት ሰው ሁሉ አክታውን እንዲመረመር፣ የሳንባ ነቀርሳ የሚድን በሽታ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ በነፃ እንደሚሰጥና መንግሥት በሽታውን ከአገር ለማጥፋት እንደተነሳ አስረዳ። ሰው አጨበጨበ። ኡሚም አጨበጨበች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን፣ "ነገ ውሰጂኝ" አለችኝ።

አክታ ሰጠች፣ ራጅ ተነሳች። ውጤቱን የነገረን ከደጋ የመጣ አንድ ወጣት ድሬሰር ነበር።

"እናቴ፣ እርስዎ የሳንባ ቲቢ ነው ያለብዎት" አላት።

"አንድ ሰው ነኝ እኮ፣ ምን አበዛኸኝ? አንቺ በለኝ አቦ።"

ፈገግ አለ፤ አንቺ ማለት ግን አልሆነለትም። መርፌው በየቀኑ ለሁለት ወር እንደሚሰጥ፣ ኪኒኑ ከመርፌው ጋር ተጀምሮ ዓመት እንደሚዘልቅ፣ ለአንዳንዱም ሰው ከዓመት እንደሚያልፍ ነገራት።

"ዓመት? እርግዝና እንኳ ዘጠኝ ወር ነው።"

"በወሩ ይሻልዎታል። የሚያስፈራው ሲሻልዎት ነው። ሰው ዳንኩ ብሎ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። ቢሻልዎትም እንዳይተዉት።"

"ዋላሂ አልተውም።"

አልተወችምም። ስለ እሷ ሲወራ "መድኃኒቱን አቋርጣ ነው" የሚል ሰው በኋላ አጋጥሞኛል፤ ውሸት ነው። በየማለዳው ገበያ ሳይሞላ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ አቋርጠን እንሄዳለን፣ መርፌዋን ትወጋለች፣ ኪኒኗን ድሬሰሩ እያየ ትውጣለች፣ ከዚያ ወደ በርበሬዋ። በሽታውን ለማንም እንዳልናገር ግን በቁርአን አስማለችኝ። ሶማሌዎቹ ቃሖ ይሉታል፤ ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የቃሖ በሽተኛ የነካውን ቅመም ወጥ ውስጥ የምትጨምር ሴት ቀፊራ ውስጥ አልነበረችም።

እንደተባለውም ተሻላት። ሳሉ ቀነሰ፣ ጉንጯ ሞላ፣ ስድቧም ተመለሰ። በሕይወቴ ደስ ካለኝ ጊዜ አንዱ ያ ነበር።

የመርፌው ጊዜ ሊያልቅ ሲቃረብ አንድ ጠዋት፣ "ጆሮዬ ውስጥ ባቡር ገባ" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ አሸዋው ላይ ስትራመድ ትንገዳገድ ጀመር፤ መሬቱ ያዘነብላል ትላለች። ገበያ ላይ ደግሞ የደንበኛን ዓይን ትታ አፍ አፉን ታያለች። ለድሬሰሩ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

"ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁኝም?"

"ጆሮ ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው ብለን?" አልኩት። ጆሮ በመርፌው ሊጎዳ እንደሚችል እስከዚያ ቀን የነገረን ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ዘንድ አስገባን። ሐኪሙ መርፌው ወዲያው እንዲቆም፣ ኪኒኑ እንዲቀጥል አዘዘ። ኡሚ ስለ ጆሮዋ ጠየቀችው። እሱ ሲመልስላት ወደ እኔ ዞራ፣ "ምን አለ?" አለች።

ጆሮዋ ላይ ተጠግቼ፣ "ላይመለስ ይችላል አለ" አልኳት።

"ምን?"

ጆሮዋን በጣቴ ነካሁና ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁላት።

ከዚያ በኋላ ገበያ አብሬያት መዋል ጀመርኩ። ደንበኛ የሚለውን በጣቴ አሳያታለሁ፣ እሷ በአፏ ትመልሳለች። በጣት መከራከር ግን ይከብዳል፤ ቀልዱ ሰዓቱ ያልፍበታል። በዚያ ላይ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ መጠኑ ጠፋባት። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ የምታንሾካሹክ መስሏት ወደ እኔ ዘንበል አለችና፣ "የሳንባውን ኪኒን ይዘሽልኛል?" አለችኝ።

ጨርቅ ተራው ሁሉ ሰማ። እያስመዘነች የነበረች ሴት እጇን ከበርበሬው ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ኡሚ የሰዉን ፊት አየች፣ የእኔንም አየች።

"ጮኼ ነው የተናገርኩት?"

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳት።

ክፉ ቃል የተናገረን የለም። ሰዉ ሰላምታ እየሰጠን አለፈ እንጂ አልገዛንም። ጥቂት ወራት እንደምንም ሞከርን፤ በመጨረሻ መደቡን ለጎረቤት ነጋዴ ለቅቃ ቤት ገባች። እኔ የሰው ቤት ልብስ ማጠብ ያዝኩ።

ኪኒኑን ግን አላቆመችም። በጠዋት ተነስታ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ደቻቱን እየተንገዳገደች ትሻገራለች። ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድሬሰሩ ባዶ እጁን ወጣ።

"ከአዲስ አበባ አልመጣም" አለኝ። "ከሁለቱ ኪኒን ያለው አንዱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ይሞክሩ።"

በሚቀጥለውም አልመጣም። ከዚያ ያ አንዱም አለቀ። ከባዶው መደርደሪያ አጠገብ፣ ደረቱን የነፋ ወዛደር የተሳለበት፣ የሳንባ ነቀርሳን እናጥፋ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ኡሚ ማንበብ ስለማትችል ምን እንደሚል በጣቷ እየጠቆመች ጠየቀችኝ። ይድናል ይላል አልኳት። ራዲዮኑም ያንኑ ይል ነበር፤ እሱን ግን አልሰማችውም።

መድኃኒቱ በመጣ ጊዜ ሳሉ ተመልሶ ነበር።

"እንደ አዲስ ይጀመራል" አለን ድሬሰሩ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ።

"ያለፈውስ?"

"ያለፈው አይቆጠርም።"

ይህን ለኡሚ በእጄ ማስረዳት ነበረብኝ። መንገዱን ሁሉ ሄዳችሁ ስትጨርሱ ተመለሱ መባልን በጣት እንዴት ይናገሩታል? ጣቴን ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ወስጄ ወደ መነሻው መለስኩት። ገባት። እጇን ዘርግታ ኪኒኑን ተቀበለች። ድሬሰሩ በዚያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን አልሆነም። አልወፈረችም። አክታዋ ላይ ደም መጣ። ሐኪሙ ሌላ ጠንከር ያለ መድኃኒት ምናልባት አዲስ አበባ ይገኝ ይሆናል ብሎ ጻፈልን። እኔም ቀበሌ ተመላልሼ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ፤ ያለ እሱ ያኔ ከከተማ መውጣት አይቻልም ነበር። አልሄድም አለች።

"እዚያ ማንን አውቃለሁ? ማንስ በእጁ ያናግረኛል? ድሬ ላይ ተዪኝ።"

ለመንኳት፣ አለቀስኩባት፣ ተቆጣኋት። ቁጣዬን ከፊቴ አንብባ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። ይለፉም ጊዜው አለፈበት።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያ ድምፅ ከውስጧ አለቀ። የምትለውን ለመስማት ከንፈሯ ላይ ጆሮዬን እደቅናለሁ፤ የምመልሰውን እሷ አትሰማም። አንድ የግንቦት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ትራስ ተደግፋ እንደተቀመጠች አረፈች። ከዙሁር ሶላት በፊት ቀበርናት። የቀፊራ ሴቶች ብዙዎቹ መጥተው አለቀሱ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር፤ ይወዷት ነበር።

በዓመቱ ቀበሌው ለዚያው ጉዳይ ጠራን። ንግግሩ ያው ነው፦ ሳል የቆየበት ይመርመር፣ መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ በሽታው ይጠፋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ወተት የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤቴ ስብሰባውን በሙሉ በሻሿ አፏን ይዛ ስትስል ዋለች። ስንወጣ ክንዷን ያዝኳት።

"እህቴ፣ ነገ አብረን እንሂድ። እኔ እወስድሻለሁ።"

ቆማ አየችኝ። በክፋት አይደለም የጠየቀችኝ፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

"እናትሽ ሄዳ የለ? ምን አደረገላት?"

"አንቺ ቶሎ ብትጀምሪ..." ብዬ ጀመርኩ።  እሷም ትንሽ ጠበቀችኝና ሻሿን አስተካክላ ወደ ቤቷ አቀናች። በማግስቱ በሯን አንኳኳሁ። ወተት ልትቀበል ወደ ገጠር ወጥታለች አሉኝ። በሌላውም ቀን እንደዚያው አሉኝ፤ ከውስጥ ግን ሳሏ ይሰማኝ ነበር።